ዓይኔ ቀድሞኝ የደረሰበት ቀን

ባለፈው ሰሞን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሙዚቃ ከፍቶ ነበር። ሾፌሩ ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው፤ አንገቱን እየነቀነቀ ይነዳል። እኔ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት የማንጎ ፌስታል እንዳይንከባለል ይዤ ስለ ሌላ ነገር አስብ ስለነበር መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ሬጌ ነበር። ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ከመቀመጫው ሥር ተነሥቶ ወገቤ ድረስ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይቶ ከላዩ ላይ ዋሽንት ገባ፤ የእኛው አገር ዋሽንት።

ፌስታሌን ሰብስቤ ያዝኩ። ሰፈሬ ገና ቢሆንም እዚሁ አውርደኝ አልኩት። ልጁ በመስታወቱ አየት አደረገኝና "ምነው እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። ደህና ነኝ ብዬ ወረድኩ። የግንቦት ፀሐይ አስፋልቱን ያቃጥለዋል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ የከሰዓቱ ዝናብ ደመና እየተቆለለ ነው። ሰው ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድን ነገር ረሳሁት ይላል። እግሩ ግን አልረሳም፤ መሄድ ያቅተዋል። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ጥላ ሥር ቆሜ፣ ዘፈኑ ከባጃጁ ጋር እስኪርቅ ጠበቅሁ።

ያኔ እንደዚያ ሾፌር ለጋ ነበርኩ። እዚሁ ፍኖተ ሰላም በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ክርስትናና ሠርግ ሲኖር ካሜራ ተሸክሜ እሄዳለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ሰጠኝ ንግግር የማያበዙ፣ ለዕቃ የሚሳሱ ሰው ነበሩ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ሄደው አንድ ረጅም ሌንስ ይዘው መጡ። ጥቁር ነው፤ ቁመቱ ክንድ ያህላል፤ ከሣጥኑ ሲወጣ የአዲስ ጎማ ሽታ አለው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው ሙሽሮቹን ከደጀ ሰላሙ ሥር በእሱ እንደሚስቧቸው ይነግሩን ነበር። እኛን ግን አያስነኩንም፤ እኛም መስታወቱ ላይ ተንፍሰን የምናበላሸው ይመስል ከሩቅ ነበር የምናየው።

ቡሬ ላይ ኮንሰርት ሊደረግ መሆኑ የተሰማው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ዘፋኙ ዳዊት የሚባል፣ ጸጉሩን ድሬድ የተሠራ ወጣት ሲሆን የእናቱ አገር ቡሬ ነው። አዲስ አበባ ባንድ አቋቁሞ የጎጃምን ዘፈኖች ከሬጌ ጋር እያዋሐደ ይጫወታል። ፎቶውን እንድናነሳ ፎቶ ቤታችንን ጠየቁ። ጋሽ ሰጠኝ በዚያው ቀን ሠርግ ነበረባቸው። ሌንሱን ከነሣጥኑ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡና አደራ ብለው ዘወር አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። ይወድቅብኛል፣ ይሰረቅብኛል፣ ዝናብ ይገባበታል እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ትልቁ ፍርሃቴ እሱ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ለመሄድ የጓጓሁበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከዘፋኙ ጋር ዋሽንት የሚጫወቱት አጎቴ ነበሩ።

አያ ይልቃል የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው አገር ገበሬ ነበሩ። የእናቴ ቤተሰቦች ከአዊ የመጡ በመሆናቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር በአዊኛ፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን በአማርኛ ይጫወታሉ። እናቴ ፍኖተ ሰላም ስላገባች እኔ አዊኛውን ከሰላምታ በላይ አላውቀውም፤ አያ ይልቃል በዚህ ሁልጊዜ ይቀልዱብኛል። ዳዊት አንድ ሠርግ ላይ ሲነፉ ሰምቷቸው ነው የለመናቸው። ከኪቦርድ የሚወጣ ዋሽንት ሰልችቶኛል፣ ትንፋሽ ያለው እፈልጋለሁ አላቸው አሉ። ለልምምድ ቡሬ አንድ ሆቴል ግቢ ሲገናኙ እኔም ሄጄ ነበር። አያ ይልቃል ባንዱ ሲጫወት ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና "ይኼ ዘፈናችሁ ያነክሳል" አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ በእግራቸው መሬቱን እየመቱ፣ የሚያነክስበትን ቦታ እስኪያገኙት ፈለጉት። ካገኙት በኋላ ዋሽንታቸውን አነሡና ገቡበት። ከበሮ መቺው በትሩን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ሲያያቸው ትዝ ይለኛል።

ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ነገሩን አልወደዱትም። ለሠርግ መንፋት አንድ ነገር ነው፤ ያን ያህል ሕዝብ ፊት፣ ያን ሁሉ ዓይን ፊት መቆም ግን ሌላ ነው ብለው ነበር። እኛ ወጣቶቹ የድሮ ሰው ፍርሃት ነው ብለን አለፍነው።

ዕለቱ እሑድ ነበር። በጠዋቱ ሚኒባስ ማንኩሳን አልፌ ቡሬ ገባሁ። መንገዱ ዳር መሬቱ አንድ ጊዜ ታርሶ ቀይ ሆኗል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ያረሰረሰው አፈር ሽታ በመስኮት ይገባል። መናኸሪያው አጠገብ ትኩስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላሁ፤ ቡሬ ሄጄ ድንች ሳልበላ የመጣሁበት ቀን የለም። ቦርሳዬን ግን በልቼ እስክጨርስ በሁለት ጉልበቴ ጨምቄ ይዤው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የኳስ ሜዳው ሞላ። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን እንዳጣፉ በዚያው የመጡ አባወራዎች፣ አጥር ላይ የተሰቀሉ ጎረምሶች። መድረኩ ሥር የነበረው ግፊያ ሲታየኝ ሌንሱ የሚሰበር መሰለኝ። ደግሞም ረጅም ሌንስ ከሩቅ ለማየት የተሠራ ነው። ስለዚህ ከሜዳው ጫፍ የቆመ የእህል መጫኛ አይሱዙ ላይ አስፈቅጄ ወጣሁ። ከዚያ ላይ መድረኩ የክብሪት ሣጥን ያህላል፤ ሰዎቹ ደግሞ እንደ ክብሪቶቹ።

ሌንሱን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ግን ሁሉም ነገር ከፊቴ መጥቶ ቆመ። የዘፋኙ የግንባር ላብ፣ የከበሮ መቺው ማስቲካ፣ የጊታሩ ክር ሲንቀጠቀጥ ሳይቀር ይታየኛል። አያ ይልቃል አዲስ ነጭ እጀ ጠባብ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። በመጀመሪያው ዘፈን ጉንጫቸው ሲነፋና ሲሟሽሽ፣ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ ሲጨርሱ ደግሞ እንደማፈር ብለው መሬት መሬት ሲያዩ ሁሉንም አነሳሁ። ሜዳው በፉጨትና በእልልታ ተናወጠ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የማውቅ አይመስለኝም። ከሕዝቡ ሁሉ ተለይቼ እኔ ብቻ አጠገባቸው ያለሁ ያህል ነበር።

ሁለተኛው ዘፈን አልፎ ሌላ ተጀመረ። ያን ጊዜ ነው ፊታቸው ልክ ያልመሰለኝ። የቀኝ ከንፈራቸው ጥግ ወደ ታች ተንሸራቷል። ጥፋቱ የሌንሱ መሰለኝ፤ አዲስ ነው፣ ጠባዩን አላውቀውም፤ ምናልባት ጥግ ላይ ያለውን ፊት ያጣምማል ብዬ አጎቴን መሐል አስገባኋቸው። አሁንም ጠማማ ነው። መስታወቱን በልብሴ ጠረግሁት። መልሼ ሳይ ከከንፈራቸው ጥግ ቀጭን ምራቅ ወርዶ በፀሐይ ያበራል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ቀዳዳዎቹ ላይ ተኝተዋል፤ አይነሡም። በግራ እጃቸው ዋሽንቱን ወደ አፋቸው ሊመልሱት ይታገላሉ። ዋሽንቱ አፋቸውን ያጣዋል።

ካሜራውን ከዓይኔ ሳወርደው አጎቴ ከሩቅ አንድ ነጭ ነጥብ ሆኑ። ቤዙ እንደወትሮው ይመታል፤ ሕዝቡ ይጨፍራል፤ ዘፋኙ ጀርባውን ሰጥቷቸው ይዘልላል። የዋሽንቱን መጥፋት ልብ ያለ የለም። መልሼ አየሁ። ዓይናቸው ፈጦ ወዲያና ወዲህ ሰው ይፈልጋል። በቀጥታ እኔን የሚያዩ መሰለኝ። ሊያዩኝ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም "መጣሁ አያ" ብዬ ጮህኩ። ድምፄን እኔም አልሰማሁትም።

ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል። መሬት ስወርድ መድረኩ ከዓይኔ ጠፋ፤ የሚታየኝ ትከሻና ጀርባ ብቻ ሆነ። ቅድም ትንፋሻቸው የሚሰማኝ ያህል አጠገባቸው ነበርኩ፤ አሁን ቆመው ይሁን ወድቀው አላውቅም። እየገፋሁ፣ በብብት ሥር እየሾለክሁ ሄድኩ። የሚስቅብኝ አለ፤ የምጨፍር መስሎት እጄን ይዞ ሊያሽከረክረኝ የሞከረም አለ። ሌንሱ ደረቴን እየደቃኝ ነው። ለሱ የነበረኝ ፍርሃት መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም። ይሰበር አልኩ።

መድረኩን የከለለው አጥር ጋ ስደርስ ጥበቃው ዱላውን አጋድሞ ከለከለኝ፤ የፎቶ አንሺዎች ቦታ በዚያ በኩል ነው አለኝ። "አጎቴ ነው፣ እየወደቀ ነው" አልኩት። ዞር ብሎ መድረኩን አየ። እኔም በትከሻው ላይ አየሁ። አያ ይልቃል የማይክራፎኑን ዘንግ በግራ እጃቸው ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ እንደደከመው መንገደኛ መድረኩ ላይ ተቀመጡ። ሕዝቡ የጨዋታው አካል መስሎት አጨበጨበ። ያን ጭብጨባ ነው ዛሬም የምፈራው።

ዘፋኙ ጭብጨባውን ሰምቶ ሲዞር አያቸው። እጁን አነሣ፤ ባንዱ እየተንጠባጠበ ቆመ። ፀጥ አለ። ያን ጊዜ ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ።

መድረኩ ላይ ስወጣ ሰው ከቧቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ ምች ነው፣ ዳማ ከሴ ፈልጉ፣ ከቦታቸው አታንቀሳቅሷቸው ይላሉ። ራሳቸውን ደግፌ ስጠራቸው አዩኝ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው ድምፅ ግን ቃል አይሆንም። ከኋላዬ አንዲት ሴት በዝግታ ተናገረች። "ዓይን ነው። ይቺ ልጅ ናት፤ ከመኪና ላይ ሆና ያንን ጥቁር ነገር እንደ ጠመንጃ ፊታቸው ላይ ስትደግን አይቻታለሁ።" የከበቡን ሁሉ ወደ አንገቴ አዩ። ሌንሱ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሏል። የተማርኩ ነኝ፣ እንዲህ ያለውን አላምንም ማለት እችል ነበር። ግን አላልኩም። ያን ያህል ሰዓት ፊታቸውን ስስብ፣ ከፊታቸው ላይ የወሰድኩት ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ያዳነን ዳዊት ነው። ክርክሩን አልሰማም፤ ሸሚዙን አውልቆ ከራሳቸው ሥር አነጠፈና የባንዱን ሚኒባስ ከመድረኩ ኋላ እንዲያስጠጉ አዘዘ። ጤና ጣቢያ ስናደርሳቸው አይተው ሳይውሉ ሳያድሩ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውሰዷቸው አሉን። ከቡሬ ስንወጣ ዝናቡ ጀመረ።

ራሳቸው ጭኔ ላይ ነበር። ሾፌሩ ካሴ የሚባል፣ ጎልማሳ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዳዊት ከጎኑ ተቀምጦ አሥር ጊዜ ወደኋላ ይዞራል። ማንኩሳን ሳናልፍ አያ ይልቃል መናገር ጀመሩ። ግማሹ አፋቸው ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም። የሚናገሩት በአዊኛ ነው። በአማርኛ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ዓይኔን ትክ ብለው አይተው ያንኑ ደገሙት። ደግመው፣ ደግመው። አማርኛው ከአፋቸው ጠፍቷል። የመጨረሻ ቃላቸው ይሆናል፣ ለኔ እየነገሩኝ ነው፣ እኔ ደግሞ አልሰማም። የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ችላ ብዬ ሳልማረው ያደግኩት። ከዚያ ሁሉ ፍርሃት ይኼኛው ይብስ ነበር።

ካሴ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ። ለካ እሱ የአዊ አገር፣ የኮሶበር ሰው ነው።

"በሬዎቹን ነው የሚሉት" አለኝ መንገዱን እያየ። "ዝናብ መጣ፣ ማንጠግቦሽ በሬዎቹን ታስገባ ነው የሚሉሽ።"

ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም። ገብተዋል በልልኝ አልኩት። ካሴ ድምፁን ከዝናቡ በላይ ከፍ አድርጎ በአዊኛ ነገራቸው። አያ ይልቃል ዓይናቸውን ከደኑና ዝም አሉ። ዝምታቸው ደግሞ ከንግግራቸው የባሰ አስፈራኝ፤ ሆስፒታሉ በር እስክንደርስ እጄን ከአፍንጫቸው ሥር አላነሣሁም።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ነበረች። ስትሮክ ነው አለች፤ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መቼ እንደጀመራቸው ስትጠይቀን ዳዊት ሲወድቁ ነው አላት። እኔ ካሜራውን ከፍቼ በትንሿ መስኮት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋት። አንዱ ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችና ከዚህ ጀምሮ ነው አለች። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ፎቶዎች ከእሷ በቀር ለማንም አላሳየሁም።

እትዬ ማንጠግቦሽ በማግስቱ ጠዋት ደረሱ። ነጠላቸው በጭቃ ተለውሷል። ወሬው ቀድሟቸው ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ሲያዩኝ ሰላም አላሉኝም። መጀመሪያ ገብተው ባላቸውን አዩ። ሲወጡ ከፊቴ ቆሙ።

"ያ ነገር የታለ?"

ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። አልነኩትም።

"በዚህ ነው ያየሽው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እስኪ እኔንም እይኝ።"

ይቅርብኝ ብዬ ለመንኳቸው። ካየኋቸው የሚወድቁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው፣ እንደሚረሸን ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። የበላው ይህ ከሆነ እኔንም ይብላኝ ነው ነገሩ። ሰው ቆሞ ያየናል። ምርጫ ስላልነበረኝ አነሳሁት። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ሌንሱን ባዞረውም፣ ብመልሰውም የሚታየኝ ጉም ብቻ ሆነ፤ ዓይን የለ፣ አፍ የለ።

"ምን ይታይሻል?"

"ምንም አይታየኝም፣ እትዬ። ይኼ ቅርብ ያለውን አያይም።"

አግዳሚው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና መዳፋቸውን ያዩ ጀመር። "ትናንት ጠዋት" አሉ፣ "እጀ ጠባቡን ሲለብስ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። እኔ ነኝ ያስገባሁለት። ሙሽራ ሆንኩ ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።" ከዚያ አጠገባቸው እንድቀመጥ እጄን ሳቡኝ። ስለ ዓይን ከዚያ ወዲያ አንስተው አያውቁም፤ ሰው ሲያነሳም ያስቆሙ ነበር።

አያ ይልቃል ተረፉ። አማርኛው ወራት ወስዶ፣ እየተንጠባጠበ ተመለሰላቸው። ቀኝ እጃቸው ግማሽ ያህል ዳነ፤ እርሻው ለልጆቻቸው ሆነ። ዋሽንቱ አፋቸው ላይ ዳግመኛ አልገጠመም። አንድ ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በግራ እግራቸው መሬቱን ሲመቱ አገኘኋቸው፤ ያንን የሚያነክሰውን ምት። አስተምሩኝ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ምቱን ሳይሆን አዊኛውን። በሬ ማለትን ነው መጀመሪያ ያስተማሩኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በእርጅናቸው፣ በቤታቸው አረፉ።

እኔ ዛሬም ፎቶ አንሺ ነኝ። ፎቶ ቤቱም የራሴ ነው። ወጣቶቹ እኔ ያኔ ከያዝኩት የሚረዝም ሌንስ አላቸው፤ ኮንሰርት ሲኖር ከኋላ ከፍ ያለ ቦታ ፈልገው ይቆማሉ። እኔ አጭር ሌንስ ይዤ መድረኩ ሥር እቆማለሁ፤ ስፒከሩ ጆሮዬን ቢያደነቁረኝም። እሜቴ ሊዘፍኑ ነው መሰል እያሉ ይቀልዱብኛል። ለምን እንደሆነ ነግሬአቸው አላውቅም። ሰውን በዚያ ጥቁር ነገር አጠገቤ አምጥቼ፣ ሲወድቅ እያየሁ ልደርስለት ያለመቻልን ነገር ለወጣት እንዴት አድርጎ ማስረዳት እንደሚቻል አላውቅበትም። አንድን ሰው ፎቶ ሳነሳ ክንዴን ብዘረጋ የምይዘው ቦታ ላይ ካልሆንኩ ልቤ አያርፍም።

ከባጃጁ በወረድኩ በሳምንቱ እዚሁ ከተማ አንድ ትንሽ ዝግጅት ነበር። አንድ ልጅ እግር ዋሽንት ነፊ ከባንዱ ጋር ወጣ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ካሜራዬን ከደረቴ አላነሣሁም፤ ፊቱን ብቻ ሳየው ቆየሁ። ሲጨርስ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገና፣ ከፊቱ የቆመችው ጎልማሳ ሴት ለምን እንዲህ እንደምታፈጥበት ገርሞት መሰለኝ፣ ፈገግ አለልኝ። ሁለቱም ጉንጮቹ እኩል ተነሡ። እኔም ያን ጊዜ አነሳሁት።